ሚልተን ጎንሳልቬስ፦ ከረባት የጠየቀው ተዋናይ

ከፊልም_ጀርባ
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ቱርክና ስለ ኮሪያ ድራማ እዚህ ያልተባለ ነገር የለም። ብራዚል ላይ ስንደርስ ግን ጭጭ ነው። ቴሌኖቬላ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ሀብታም ቤተሰብ፣ የጠፋ ልጅና የማያልቅ ለቅሶ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ሚልተን ጎንሳልቬስ ይባላል። በ1933 ሚናስ ዤራይስ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ሞንቴ ሳንቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሳኦ ፓውሎ ሄደ። እዚያ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሠራ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተላላከ፣ ኋላ ማተሚያ ቤት ገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ቴአትር አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ከአማተር ቡድን ጀምሮ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ አሬና የሚባለው ቴአትር ቤት ደረሰ። አሬና ጠባብ ቤት ነች፤ ተመልካቹ መድረኩን ዙሪያውን ከቦ ነው የሚቀመጠው። ኋላ በዓለም ስሙ የገነነው አውጉስቶ ቦአል ያዘጋጅ የነበረው እዚያ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አድማ መቺው፣ የኮረብታ ሰፈሩ ድሃ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ መድረክ የወጣው በእነሱ ጊዜ ነው።

በ1965 ግሎቦ ቴሌቪዥን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ ሚልተን ነበር። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከዚያ ስክሪን አልጠፋም።

አሁን ወደ ነጥቤ። በዚያ ዘመን የብራዚል ድራማ ውስጥ ጥቁር ሰው ከታየ ወይ ባሪያ ነው፣ ወይ ሾፌር ነው፣ ወይ ሌባ ነው። ሚልተን በ1975 ዣኔቴ ክሌር ዘንድ ሄደ። ዣኔቴ የዘመኑ ቁጥር አንድ የድራማ ጸሐፊ ናት። የጠየቃት ነገር አንድ ነው፦ ኮትና ከረባት የሚያደርግ ገጸ ባሕርይ። እሷም «ፔካዱ ካፒታል» ላይ የአእምሮ ሐኪም አድርጋ ጻፈችለት፤ ዶክተር ፔርሲቫል። የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያማክረው ጥቁር ሐኪም በዋናው ሰዓት ድራማ ላይ! ከሠራቸው ገጸ ባሕርያት ሁሉ በላይ እኔን የሚገርመኝ ያ ጥያቄው ነው። ወታደራዊ መንግሥት ባለበት አገር፣ እንጀራዬ ይዘጋል ሳይል ነው የጠየቀው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰላማዊት_ሊዝበን
ዋው፣ ስለሱ የሚያወራ አማርኛ ተናጋሪ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። እዚህ ፖርቱጋል የብራዚል ድራማ የቤት ዕቃ ማለት ነው። ከ1977 ጀምሮ ሲታይ የኖረ ነገር ነው፣ አያቶችም የልጅ ልጆችም ያውቁታል።

ግን ከፊልም_ጀርባ፣ ዜሎንን እንዴት ዘለልከው? የ1973ቱን «ኦ ቤም አማዱ» ማለቴ ነው። ብራዚል ውስጥ በቀለም የተሠራ የመጀመሪያው ቴሌኖቬላ እሱ ነው። ታሪኩ ሱኩፒራ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው የሚሄደው። ከንቲባው የመቃብር ቦታ እሠራላችኋለሁ ብሎ ይመረጣል። መቃብሩ አለቀ፣ ሪባኑ ተዘጋጀ፣ የሚሞት ሰው ጠፋ! ሙሉ ድራማው ከንቲባው ሬሳ ሲፈልግ ነው። ሳቅ በሳቅ።

ሚልተን ዓሣ አጥማጁን ዜሎንን ነው የሚጫወተው። ባሕር ላይ ማዕበል ይዞት ሲተርፍ ስለት ይሳላል፤ ስለቱ መብረር ነው። ክንፍ እየሠራ ይኖራል፣ ከተማው ይስቅበታል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን የመንደር እብድ አድርጎ ይጫወተው ነበር። ሚልተን ግን አይቀልድበትም። ስለቱን የሚያወራው ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። በመጨረሻው ክፍል ከንቲባው ራሱ ተገድሎ የገዛ መቃብሩን ይመርቃል። ዜሎንስ? ክንፉን አድርጎ ይበራል። እውነት ይበራል! ከተማዋ ከበታቹ ስትታይ እስካሁን ይነዝረኛል።

ናቲ_ቦሌ
ኧረ ስፖይለር! 😂

ሰላማዊት_ሊዝበን
ናቲ፣ ድራማው ሃምሳ ዓመት አልፎታል እኮ። ይቅር በለኝ።

ቀጥ_ያለው
ሁለታችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፣ ግን እኔ ትንሽ ልረብሽ። ወንድሜ ከፊልም_ጀርባ፣ ያቺ ከረባት ብዙ አጋንነሃታል። አንድ ሐኪም ተጫወተ፣ እሺ። ከዚያስ? በ2006 «ሲኛ ሞሳ» ላይ ተመልሶ አባ ዦዜ የሚባል ባሪያ ሆኖ ነው የመጣው። ዕድሜው ከሰባ አልፎ፣ ስሙ ገኖ፣ ያው ባርነት። ግሎቦ ደግሞ የወታደሮቹ መንግሥት ዘመን ያሳደገው ጣቢያ ነው። እዚያ ቤት ያን ሁሉ ዓመት መቀመጥ ትግል ነው ወይስ መላመድ? እኔ ሰውየውን አልንቅም። ጀግና ከማለታችን በፊት ግን ሒሳቡን እናወራርድ።

ከፊልም_ጀርባ
ቀጥ_ያለው፣ ጥያቄህ ሚዛን ይደፋል። አንድ ነገር ግን አልተነሳም። ሚልተን ተዋናይ ብቻ አልነበረም፣ አዘጋጅም ነው። በ1970 የጀመረው «ኢርማኦስ ኮራዤም» አገሩን በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠ ድራማ ነበር። ሚልተን እዚያ ይተውናል፤ ከዳንኤል ፊልዮ ጋር ሆኖም ያዘጋጃል። ባሪያዋ ኢዛውራንም ታውቃላችሁ። በ1976 የተጀመረው ያ ድራማ ከኤርቫል ሮሳኖ ጋር በአዘጋጅነት የሚልተን ስም አለበት። ቻይና ታየ፣ ፖላንድ ታየ፣ ሶቪየት ኅብረት ታየ፣ ኩባ ታየ።

እስቲ አስበው። ድራማው የባርነት ታሪክ ነው፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ባሪያ ናት፤ ግን ነጭ መልክ ያላት ባሪያ ናት። መጽሐፉ በ1875 ሲጻፍም እንደዚያው ነው። ተመልካቹ ያለቀሰው ለነጯ ባሪያ ነው። ከካሜራው ጀርባ ቆሞ «ቀጥል» የሚለው ደግሞ ጥቁሩ ሚልተን ነው። እኔ ያን ስቱዲዮ ሳስበው ሰውየው ውስጡ ምን ይል እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

የድሮ_ታዳሚ
ልጆቼ፣ እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ከተቻለ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ከከረባቱ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1969፣ ግሎቦ ስለ አሜሪካ ባርነት የተጻፈውን የአጎቴ ቶምን ታሪክ በተከታታይ ድራማ አቀረበ። ቶም ጥቁር ነው፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ሚናው የተሰጠው ግን ሰርዢዮ ካርዶዞ ለሚባል ነጭ ተዋናይ ነው። ታላቅ ተዋናይ ነበር፣ አልክድም። ፊቱን ጥቁር ቀቡት። አፍንጫው ሰፋ እንዲል ውስጡ ቡሽ ከተቱበት። ይህ ሁሉ ሲሆን እንደ ሚልተን ያሉ ጥቁር ተዋንያን እዚያው አገር፣ እዚያው ሙያ ውስጥ አሉ። ፕሊኒዮ ማርኮስ የሚባል ጸሐፈ ተውኔት በጋዜጣ አምዱ ጮኸ። ድራማው ግን ተላለፈ።

የቶምን ሚስት የተጫወተችው ሩት ዴ ሱዛ ናት። የብራዚል ጥቁር ተዋናዮች እናት የሚሏት ሴት። የተቀባ ነጭ ሰው ባሌ ነው ብላ ስትተውን የዋለችውን ውሎ አስቡት።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ሚልተን ሄዶ ኮትና ከረባት የጠየቀው። ከዚያ ቡሽ አጠገብ ስታስቀምጡት ጥያቄው ትንሽ አይመስለኝም።

ቀጥ_ያለው
ጋሼ፣ ይህን አላወቅኩም ነበር። የቡሹ ነገር ያማል። እርስዎ ሲያስረዱ ደግሞ ይለያል። ግን ክርክሬን አልተውኩም፣ እመለሳለሁ።

የሉዋንዳ_መንገደኛ
እኔ ለሥራ አንጎላ ኖሬአለሁ። ስለ አንድ ገበያ ልንገራችሁ። ሉዋንዳ ውስጥ «ሮኬ ሳንቴይሮ» የሚባል ትልቅ የአየር ላይ ገበያ ነበር። የእኛን መርካቶ በአሸዋ ላይ አድርጋችሁ ሳሉት። ከመድኃኒት እስከ መኪና ዕቃ የማይሸጥ ነገር አልነበረም። ስሙን ያገኘው ከብራዚል ድራማ ነው! የ1985ቱ «ሮኬ ሳንቴይሮ»፣ ሚልተን ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የተጫወተበት። ቀጥ_ያለው ይህንንም መዝግብልኝ፦ ዐቃቤ ሕግ፣ ያው ኮትና ከረባት። ኋላ መንግሥት ገበያውን ዘግቶ ነጋዴውን ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ ወሰደው። ሰው ግን አሁንም «ሮኬ እያለ» ብሎ ነው ዘመን የሚቆጥረው።

ከፊልም_ጀርባ
መንገደኛው፣ ይህችን ስላነሳህ ተባረክ። ታሪክ አላት። ሮኬ ሳንቴይሮ መጀመሪያ ሊታይ የነበረው በነሐሴ 1975 ነው። ሊጀምር በነበረበት ዕለት ሳንሱር አገደው። ግሎቦ ባዶ ሰዓት ቀረው፤ አሮጌ ድራማ አሳጥሮ ደግሞ እያሳየ ዣኔቴ ክሌር በጥድፊያ አዲስ ድራማ ጻፈች። ያ በጥድፊያ የተጻፈው «ፔካዱ ካፒታል» ነው፤ የዶክተር ፔርሲቫል ድራማ። ሳንሱር ባያግድ ኖሮ ከረባቱ መቼ ይመጣ እንደነበር እንጃ።

ሰላማዊት_ሊዝበን
ስለ ሳንሱር ከተነሳ፦ ኦ ቤም አማዱ ላይ ከንቲባውን «ኮሎኔል» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ የገጠር ባለርስት ማዕረግ ነው። ነፍሰ ገዳዩን ደግሞ «ካፒቴን»። ወታደሮቹ ደስ አላላቸውም። ድራማው መሃል ላይ እያለ ሁለቱም ማዕረጎች ታገዱ። ቀድመው የተቀረጹት ክፍሎች ላይ ድምፁን ቆረጡት። ተዋናዩ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም፣ ከዚያ ንግግሩ ይቀጥላል። እኛ አገርም ጋሼ ብዙ የሚያወሩን ይመስለኛል።

የድሮ_ታዳሚ
ስለሱ ሌላ ክር ይከፈትልኝ ልጄ። ይህኛው አይበቃም።

ማህሌት_አ
ሁላችሁም ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣብቃችሁ ሲኒማውን ረሳችሁት። ሚልተንን ሚልተን ያደረገው ለእኔ ሲኒማ ነው። በ1974 «አ ሃይንያ ዲያባ» ላይ የሪዮ የዕፅ ንግድ አለቃ ሆኖ ተጫወተ። ገጸ ባሕርይው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው፣ ኩል የተኳለ፣ የሚፈራ፣ ባንድ ጊዜ ደግሞ የሚያሳዝን። ዘመኑን አስቡና ድፍረቱን ገምቱ። ከረባት የጠየቀው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ይህን ሠርቷል። ስለዚህ «ጥሩ ጥቁር» ብቻ ሆኜ ልታይ የሚል ሰው አልነበረም።

ሌላው ደግሞ በ1981 የወጣው የአድማው ፊልም፣ «ኤሌስ ናኦ ኡዛም ብላክ ታይ»። መነሻው የአሬና ቴአትር ነው፣ ቬኒስ ላይም ተሸልሟል። ሚልተን ብራውሊዮን ነው የሚጫወተው፤ ሠራተኛውን የሚያረጋጋ፣ ቆይ እናስብ የሚል የማኅበር ሰው። አድማው ላይ በጥይት ይመታና ይሞታል። ከዚያ የሚመጣውን ትዕይንት ካያችሁ አትረሱትም። ተዋናይቷ ፌርናንዳ ሞንቴኔግሮ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቦሎቄ ትለቅማለች። ባሏ መጥቶ ይቀመጣል። አብረው ይለቅማሉ። ንግግር የለም። ቦሎቄው ሳህኑ ላይ ሲወርድ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል። ሚልተን ትዕይንቱ ውስጥ የለም፣ ሞቷል። ግን ስለ እሱ ነው የሚለቅሙት። ሳይኖር እንዲህ እንዲሰማን ያደረገው ቀደም ብሎ በተጫወተው ነው።

ናቲ_ቦሌ
ማህሌት አንቺም ስፖይለር 😂 ግን ዛሬ ማታ አያታለሁ።

ቀጥ_ያለው
ተመለስኩ። የማህሌትን ነጥብ እቀበላለሁ፣ ሲኒማው ሌላ ነው። ወደ ግሎቦ ልመልሳችሁ። በ2008 «አ ፋቮሪታ» ላይ ሚልተን ሮሚልዶ ሮዛን ተጫወተ። ከረባት አለው፣ ሥልጣን አለው፣ ግን ሙሰኛ ፖለቲከኛ ነው። ለስንት ዓመት የተለመነው ከረባት ሲመጣ ከሌብነት ጋር መጣ። ይህ ድል ነው?

ማህሌት_አ
አዎ፣ ለእኔ ድል ነው! ነጭ ተዋናይ ሌባ ሚኒስትር ሲሆን ማን ያዝናል? ማንም። ጥቁር ተዋናይ ሁሌ ደግ፣ ሁሌ ታጋሽ፣ ሁሌ መካሪ ሽማግሌ ይሁን ማለት ያው ሌላ ሰንሰለት ነው። ሮሚልዶ ቀልድ ያውቃል፣ ይዋሻል፣ ልጆቹን ይወዳል። ሙሉ ሰው ነው።

ቀጥ_ያለው
እህቴ፣ ያልሽው የሚሠራው ከጎኑ ሌሎች ብዙ ጥቁር ገጸ ባሕርያት ሲኖሩ ነው። አንድ ብቻ ካለና እሱም ሌባ ከሆነ ተመልካቹ የሚይዘው እሱኑ ነው። በ2022 ቆጠራ ጥቁርና ክልስ ነን ያሉ ብራዚላውያን 55 በመቶ ግድም ናቸው። በ2018 ግሎቦ ታሪኩ ባሂያ ክፍለ ግዛት ውስጥ የሚሄድ «ሴጉንዶ ሶል» የሚል ድራማ አቀረበ። ባሂያ ማለት ከአፍሪካ የመጡት ልጆች አገር ነው። ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ግን ነጮች ሆኑ። የሥራ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ሳይቀር ለጣቢያው ማሳሰቢያ ጻፈ። እንግዲህ ሚልተን ቤቱ ከገባ ከ53 ዓመት በኋላ ነው ይህ የሆነው። ሰውየው ገፋ፣ አምናለሁ። ግድግዳው ግን ብዙ አልሄደም።

ከፊልም_ጀርባ
ስለ ግድግዳው ትክክል ነህ። አልከራከርህም። ሆኖም ተከትለውት የመጡትንም ቁጠር። ታይስ አራውዦ በ2004 የግሎቦ ድራማ ዋና ተዋናይት ሆነች። ላዛሮ ራሞስ በ2007 ለዓለም አቀፉ የቴሌቪዥን ሽልማት ለኤሚ በምርጥ ተዋናይነት ታጨ። ከዚያ በፊት በ2006 ኒውዮርክ ላይ በዚያው ኤሚ መድረክ ከአሜሪካዊቷ ተዋናይት ከሱዛን ሳራንደን ጎን ቆሞ ሽልማት ያበረከተው ሚልተን ነው። ኮትና ከረባት ለብሶ። 🙂 ላዛሮና ታይስ የሠሩትን ሚልተን አልሠራላቸውም፤ በራሳቸው ችሎታ ነው የመጡት። ግን ሲመጡ «ጥቁር ይህን አይጫወትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ድሮ ተሰብሯል።

አባ ዦዜን በተመለከተ ግን አልስማማም። አንድ ሰው የባሪያን ሚና የሚጠላው ባርነት ስለሚያሳፍር ከሆነ፣ የሚያፍረው የተሳሳተው ወገን ነው። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር አገሮች የመጨረሻዋ። ያን ታሪክ የሚተውን ሰው ያስፈልጋል። ማን ይተውነው? ፊቱን የተቀባ ሰው?

የድሮ_ታዳሚ
በለው! እዚህ ላይ ጨብጠኝ።

ኪያ_አዳማ
ቆይ ግን ይህ ሰው ፖለቲካም ሞክሯል ብለው አንብቤአለሁ፣ እውነት ነው?

ከፊልም_ጀርባ
እውነት ነው። በ1994 ለሪዮ ዴ ጃኔሮ ክፍለ ግዛት ገዥነት ተወዳድሯል። አልተሳካም፣ በሩቁ ነው የተሸነፈው። ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። ስለሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ናቲ_ቦሌ
ከንቲባ ሆኖ መቃብር ቢሠራ ኖሮ ይመረጥ ነበር።

ሰላማዊት_ሊዝበን
😂😂 ናቲ ገባህ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመኑን ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። በ2018 «ኦ ቴምፑ ናኦ ፓራ» ላይ ቆራሌው ሆኖ ተጫወተ፤ ከሳኦ ፓውሎ መንገድ የተጣለ ዕቃ ሰብስቦ የሚኖር ሽማግሌ። በ2019 ደግሞ ለገና በዓል በተሠራ ልዩ ዝግጅት ጡረታ የወጣ አባት ሆኖ የገና አባት ልብስ ይለብሳል። ጥቁር የገና አባት! ፖርቱጋል ያሉ ብራዚላውያን ጓደኞቼ ያን ቪዲዮ ሲላላኩ ነበር የከረሙት።

በ2020 ስትሮክ መታውና ወራት ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ብዙም አልታየም። በሚያዝያ 2022፣ በኮቪድ ምክንያት የዘገየው የሪዮ ካርኒቫል ሲካሄድ፣ ሳንታ ክሩዝ የተባለው የሳምባ ማኅበር የዓመቱን ሰልፍ በሙሉ ለሱ ሕይወት ሰጠ። ዘፈኑ ስለሱ፣ አልባሳቱ ስለሱ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 30፣ በ88 ዓመቱ ሪዮ ውስጥ ቤቱ አረፈ። ሳይሞት ነው የተዘፈነለት፤ ይህ ለብዙ አርቲስት አይደርስም።

የሉዋንዳ_መንገደኛ
ነፍስ ይማር። ልጁ ማውሪሲዮም ተዋናይ ነው አይደል?

ሰላማዊት_ሊዝበን
አዎ፣ ማውሪሲዮ ጎንሳልቬስ። እሱም ብዙ ድራማ ላይ አለ። ድምፁ አባቱን ቁርጥ ነው።

ኪያ_አዳማ
እሺ እኔ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ፖርቱጋልኛ አልችልም። ምን ልይ? ሁለት መቶ ክፍል አትዘዙብኝ፣ ሥራ አለኝ።

ማህሌት_አ
ኪያ፣ በአድማው ፊልም ጀምሪ። ሁለት ሰዓት ግድም ነው፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ አይጠፋም። ከወደድሽው ቀጥሎ በ2003 የወጣውን «ካራንዲሩ» እዪ፤ የእስር ቤት ፊልም ነው፣ ሚልተን አዛውንቱን እስረኛ ቺኮን ይጫወታል። ሚናው ትንሽ ነች ግን ፊቱን እዪው።

ቀጥ_ያለው
«ፔካዱ ካፒታል»ን ግን ዝለይ፣ ረጅም ነው። ስለ ከረባቱ እኛ እንነግርሻለን።

ከፊልም_ጀርባ
አትስሚው ኪያ! የፔርሲቫል ትዕይንቶች ቁርጥራጭ ኢንተርኔት ላይ አሉ። ዛሬ ማታ ፈላልጌ ሊንኩን እዚሁ እለጥፋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ የሳንሱሩን ክር ይክፈቱልን፣ ቃል ገብተዋል።

የድሮ_ታዳሚ
ቃል የገባሁት ሌላ ሰው እንዲከፍተው ነው። ብቻ እሺ፣ ቅዳሜ።